የሚዛኑ ዕቁብ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎልማሳ በሬን አንኳኩቶ አባቱ የጻፈውን መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። አባቱ ይልማ ነው። ይህን ስም ካየሁት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ሽፋኑ ላይ በወርቅማ ቀለም ታትሞ ሳየው ግን የደረቀው ቁስል አሳከከኝ። ልጁ ትሑት ነው፤ በጠባዩ ወደ እናቱ ሳይሄድ አልቀረም። «አባዬ ስለ እርስዎ ሁልጊዜ ያነሳል። በመጽሐፉ ምረቃ ቀን ከድሮ ባልደረቦቹ አንድ ሁለት ሰው ቢናገርለት ደስ ይለዋል» አለኝ። ሻይ አቀረብኩለት። ስለ አዳማ ሙቀት፣ ስለ መንገዱ መቆፋፈር አወራን። አባቱ ስለ እኔ ምን እንደሚያነሳ አልጠየቅሁትም። መጽሐፉ ውስጥ ይኖራል ብዬ ገመትኩ።

ነበረ። ይልማ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች «እድገቱ ለማን ደረሰ?» ብሎ ከሁሉ ቀድሞ የጠየቀው እሱ እንደሆነ ጽፏል። ከወጣት ባልደረቦቹ ጋር የድሃውን እንጀራ በሚዛን እንደመዘነ፣ የታችኛው መደብ ማዕድም ሞልቶ እንዳገኘው ጽፏል። ከዚያ በኋላ የአቦምሳን ገበሬ ለማገልገል በገዛ ጥያቄው እንደተዛወረ ጽፏል። እኔ አንድ ቦታ ላይ ተጠቅሻለሁ፤ «ታማኝ ረዳቴ ጥሩነሽ» ይላል።

እኔ በዕድሜዬ ከቅጽና ከሪፖርት በቀር የጻፍኩት ነገር የለም። «ታማኝ» የምትለዋን ቃል ግን እንዲሁ ላልፋት አልቻልኩም።

ነገሩ በደርግ ዘመን የሆነ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ አዳማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጥናት ክፍል በቆጣሪነት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ይልማ የክፍሉ ኃላፊ ነው። ያኔ «ጓድ ይልማ» እና «እርስዎ» እለው ነበር። ዛሬ «እሱ» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል።

ከበላይ የመጣልን ጥያቄ ደግ ጥያቄ ነበር። ከአዳማ እስከ መቂና ዓለም ጤና ድረስ ገበያው ደርቷል፣ ምርቱ ጨምሯል፣ ኑሮ አድጓል ይባላል፤ ማደጉስ አደገ፣ ግን ማን ቤት ገባ? ይህን ለማወቅ የተመረጡትን ቤተሰቦች ከድሃው ጀምሮ እስከ ባለጸጋው በተርታ አሰለፍናቸው፤ ከዚያ ሰልፉን አምስት ቦታ እኩል ቆረጥነው። እያንዳንዱን ቁራጭ እርከን አልነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወንዶች ቆጣሪዎች በየበራፉ ቆመው «ምን ትበላላችሁ?» ብለው ጠይቀው መዝግበው ነበር። አሁን ደግሞ እኛ ሴቶቹ ባለመንጠቆ የእጅ ሚዛን ተሰጥቶን ማጀት ድረስ እንድንገባ፣ የሚበላውን ሳይበላ እንድንመዝን ተላክን። የድሮውን ከአሁኑ አስተያይቶ የትኛው እርከን እንዳደገ ማወቅ ነው ሥራው።

ይልማ ሲያስተምር ጥሩ ነበር፤ ይህን አልነፍገውም። ሥልጠናው ላይ በመስኮቱ ወደ ውጭ ጠቆመና፣ «ያን ጋሪ ታያላችሁ? ባለጋሪው ተቀምጧል፣ ፈረሱ ይጎትታል። አማካይ ካወጣን ሁለቱም እኩል ደክመዋል። አማካይ ማለት ይህ ነው። እናንተ ፈረሱን ለብቻው ጠይቁልኝ» አለን። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ይህን በደብተሬ ጽፌ በቀይ አሰመርኩበት። ሰው የሚያውቀውን እውነት አውቆ ሲቀብር ነው የሚከፋኝ፤ አላዋቂ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዘመን ቂም ባልያዝኩበት።

አንድ ነገር ደግሞ ነበረ። የታችኛው እርከን ቤቶች ከቀበሌ በየወሩ ስንዴ በነፃ ይሰፈርላቸው ነበር። ጥናቱ «ኑሯቸው ተሻሽሏል» ካለ መስፈሩ ይቆማል። ይህን እኛ እናውቃለን። እነሱ አያውቁም፤ እንዳንነግራቸውም ታዘናል፤ ካወቁ ይደብቃሉ ተብሎ።

የተደበቀው ሌላ ቦታ ነበር። ከላይኛው እርከን የደረሰኝ የወይዘሮ አስካለ ቤት ነው። ባላቸው ሁለት የጭነት መኪና አለው፤ ከአርሲ እህል፣ ከዓለም ጤና ሽንኩርት ያመላልሳል። ገና ከአጥሩ በር ስገባ የጥብሱ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ግን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሽሮ ነው።

«እንግዲህ እኛም እንደ ሰፊው ሕዝብ ሽሮአችንን ነው» አሉ ወይዘሮ አስካለ። እጃቸው ቅቤ ቅቤ ይላል።

«ከጓዳ የሚሸተውስ?» አልኩ፣ እየፈራሁ።

«ጎረቤት ይሆናል። አዳማ ነፋስ አይደል እንዴ? የሰው ሽታ ሁሉ እኛ ቤት ነው የሚገባው።»

ሽሮውን መዘንኩ፤ ጻፍኩ። ስወጣ ይልማ በጓሮ በር በኩል እጁን እያደራረቀ ሲገባ አየሁት። አላየኝም። ከዚያ ቀን በኋላም፣ በሌሎች ቀኖችም፣ በምሳ ሰዓት የሱ ብስክሌት ከዚያ አጥር ላይ ተደግፎ አየሁ። ቀኖቹን ልብ አልኩ። ለምን ልብ እንዳልኩ ያኔ አላወቅሁም፤ ሴት ልጅ ያየችውን ሁሉ ትይዛለች፣ ቀን ሲመጣ ይሆናል ብላ።

የታችኛው እርከን አምስት ቤቶቼ ደግሞ በአንድ ግቢ ውስጥ በተርታ የተሠሩ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። ጭቃቸው ተልጦ ጭድ ጭዱ የቀረ፣ በጥርና በየካቲት አቧራው በበሩ ገብቶ በመስኮቱ የሚወጣባቸው። በመጀመሪያዋ ቤት ያሉት እትዬ ዘይነባ የሚባሉ የወሎ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ሞቶባቸው ሁለት ሴት ልጆችና አንዲት የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ሥራቸው በቀን ሂሳብ ሽንኩርት መልቀም ነው። ከዓለም ጤና የመጣውን ሽንኩርት ከመጋዘኑ ፊት ዘርግተው የበሰበሰውን ከደህናው ይለያሉ። ከበሰበሰው ደግሞ ደህና ደህናውን ጎን እየቆረጡ ለቤታቸው ይወስዳሉ። እጃቸው ሁልጊዜ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ከእሳቸው ቀጥሎ የአደ ጫልቱ ቤት ነው፤ ከአርሲ የመጡ፣ ሳቂታ፣ ጥርሳቸውን በነጠላ ጫፍ ሸፍነው የሚስቁ።

መጀመሪያ ቀን እትዬ ዘይነባ ቤት ስገባ ደነገጥኩ። ምስር ወጥ፣ ዘይት ከላዩ የተንሳፈፈበት። የጤፍ እንጀራ። አንድ እንቁላል እንኳ ነበረበት። በየዓይነቱ መዘንኩና ሚዛኔን ወደ ቦርሳዬ ስመልስ፣

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ጨረስኩ፣ እትዬ ዘይነባ።»

«ምኑን ጨረስሽ? ገና መቼ ቀመስሽ። ወላሂ ሳትበዪ አትወጪም። ቤቴ ገብተሽ፣ ማዕዴን በመንጠቆ ሰቅለሽ አይተሽ፣ ደርቀሽ ልትወጪ?»

«አይፈቀድልንም…»

«የከለከለሽ ሰው እዚህ የለ። አብሽሪ። እጅሽን ታጠቢ።»

በላሁ። ሦስት ጉርሻ አጎረሱኝ፤ እንቁላሉን ለሁለት ከፍለው ትልቁን ለእኔ። ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ያዩኛል፤ ተርበው ሳይሆን አፍረው ይመስለኝ ነበር። በቅጹ መጨረሻ ላይ «በእንግዳ የተበላ» የሚል ዓምድ አለ። ባዶውን ተውኩት። መሥሪያ ቤቱ አትብሉ ብሏል፤ በልቼ እንዴት እጽፋለሁ? በየቤቱ እንዲሁ ሆነ። የታችኛው እርከን እየመገበኝ የታችኛውን እርከን መዘንኩ። ደመወዝተኛ ነበርኩ፤ ከእናቴ ቤት ቁርሴን በልቼ የመጣሁ። ይህን የምጽፈው ይልማን ብቻ እየከሰስኩ እንዳልመስል ነው። ሆኖም ዋናው ተከሳሽ እሱ ነው።

በሁለተኛው ዙር፣ እትዬ ዘይነባ ቤት ዘይቱን ስመዝን ጠርሙሱ ታወሰኝ። አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ከሁለት ቀን በኋላ አደ ጫልቱ ቤት ተቀምጬ ዘይቱ ሲቀርብልኝ ያው ጠርሙስ ነው፤ ያው ቀይ ክር።

«አደ ጫልቱ፣ ይህ ጠርሙስ የእትዬ ዘይነባ አይደለም እንዴ?»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «አየሽው? እኔ ክሩን ፍቺው ብያት ነበር።»

«ተዋሳችሁ?»

«መዋስ አይደለም። ዕቁብ ነው።»

«የምን ዕቁብ?»

«ያንቺ ነዋ። የሚዛን ዕቁብ እንለዋለን። አንዷ ዘይት፣ አንዷ ምስር፣ አንዷ ጤፍ፣ አንዷ በርበሬ፣ እኔ እንቁላል። አንቺ የምትመጪበት ቤት እጣው ወጣለት ማለት ነው። ባለፈው ዘይነባ በላች፤ ዛሬ የእኔ ነው። ኮቱ፣ ነይ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል።»

«ሌላ ቀንስ? እኔ በማልመጣበት ቀን ምን ትበላላችሁ?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «ሌላ ቀን ማን ያያል?» አሉ።

ወጡን አልዋጥኩትም። አፌ ውስጥ ይዞርብኝ ጀመር። አምስቱ ቤቶች ለወር ያጠራቀሟት ሁሉ ተሰብስባ ያንዷ ቤት የአንድ ቀን ምግብ ተብላ ተጽፋለች፤ ያችው ደግሞ ከቀናት በኋላ ለሁለተኛዋ፣ ከዚያ ለሦስተኛዋ ተጽፋለች። ከሁለት ዓመት በፊት ወንዶቹ በር ላይ ቆመው ሲጠይቁ ሴቶቹ እውነቱን ነግረዋቸዋል፤ በር ላይ የቆመ ሰው እንግዳ አይደለማ። እኔ ግን ገብቼ ተቀመጥኩ። ለተቀመጠ ሰው ደረቅ ቂጣ አይቀርብም። ከላይ ያሉት ሥጋቸውን ደበቁ፤ ከታች ያሉት የሌላቸውን አወጡ። በእኛ ወረቀት ላይ ሁለቱ ተቀራርበው ሊሳሳሙ ደርሰዋል።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ለይልማ ነገርኩት። ቀትር ነበር፤ ማራገቢያው ወረቀቱን እያነሳ ይጥላል። እሱ ሰንጠረዡን ቀድሞ አይቶታል፤ ደስ ብሎታል። የታችኛው እርከን ከሁሉ ፈጥኖ አድጓል፤ የአብዮቱ በዓል ደርሷል፤ እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ።

«ሚዛኑ ተሳሳተ ነው የምትዪኝ?» አለኝ።

«ሚዛኑ አልተሳሳተም፣ ጓድ ይልማ። የመዘንኩት የአምስት ቤት ምግብ ነው።»

«ቤቷ ውስጥ ተበልቷል?»

«ተበልቷል።»

«እንግዲያው የቤቷ ምግብ ነው።»

«ሳንነግራቸው አንድ ቀን ብንመዝን…»

እርሳሱን አስቀመጠ። «ስሚኝ፣ ጓድ ጥሩነሽ። እነዚህ ሴቶች የመንግሥትን ጥናት አታለዋል ብለሽ ነው የምትመሰክሪው? ልጻፈው? ስማቸውን ንገሪኝና ልጻፈው።»

ደብተሬን ዘጋሁ።

«ደግሞ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለትምህርት ወደ ውጭ የሚላክ አንድ ሰው እንድመርጥ ተጠይቄያለሁ። የማን ስም በአእምሮዬ እንዳለ ታውቂያለሽ። አታበላሺው።»

ይኸው ነው የይልማ ጥበብ። በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው ከረሜላ፤ ፊቱ ደግሞ የአባት ፊት።

ከቢሮ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሽንኩርቱ መጋዘን ሄድኩ። እትዬ ዘይነባ ከክምሩ ፊት ተቀምጠው ይለቅማሉ። የታዘዝኩትን አፍርሼ ስለ ስንዴው ነገርኳቸው። እየሰሙኝ አንድ ሽንኩርት በእጃቸው ያገላብጣሉ።

«ታዲያ እኔ ምን ላደርግ ኖሯል?» አሉ በመጨረሻ፣ ተቆጥተው። «የሰው ልጅ ቤቴ መጥታ ተቀምጣ ጎመን በውሃ ላቅርብ? አንቺ ያደግሽበት ቤት እንደዚያ ነው?»

«አይደለም።»

«አፈርኩ አልልም። አላፍርም። ሰው አከበርኩ።» ሽንኩርቱን እንደገና አገላበጡና፣ «ስንዴው ከቀረ ልጆቹን ምን አበላቸዋለሁ? እሱን ጽፎልሻል አለቃሽ?»

«አልጻፈም።»

ሽንኩርቱን ወደ ደህናው ክምር ወረወሩት። «እንግዲያው ድንገት ነይ። ቀኑን ለእኔም አትንገሪኝ። እኔ ለሌሎቹ እነግራለሁ። ያለውን እይ፤ ያየሽውን ጻፊ። ስትገቢ ግን አትቀመጪ፤ ከተቀመጥሽ አልችልም።»

በሳምንቱ አንድ ማለዳ ሳልናገር ሄድኩ። ቆሜ መዘንኩ። እትዬ ዘይነባ ቤት አንድ የበቆሎ ቂጣ ለአራት ሰው። አደ ጫልቱ ቤት ስኳር የሌለው ሻይ ከአንድ ጭብጥ ቆሎ ጋር። ሦስተኛዋ ቤት ጎመን፣ ጨው ብቻ ያለበት። በሁለቱ ቤቶች እሳት አልተነደደም። አምስቱም ሴቶች በቅጹ ግርጌ የጣት አሻራቸውን አኖሩልኝ። ዓይናቸውን ከእኔ አዙረው ነው ያኖሩት። ለድግስ የሚፎካከር ሰው ባለበት አገር፣ በድህነቱ ላይ ጣቱን የሚያኖር ሰው ምን ያህል ደፋር እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

በበዓሉ ዋዜማ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። እንግዶቹ ፊት፣ የቢሮ ሰው ከነሱ ቀጥሎ፣ የግቢው ሴቶች እንዲያጨበጭቡ ተጠርተው ከኋላ። ይልማ ካኪ ሱሪውን አስተኩሶ ወጣ። ሥዕሉን በዱላ እያሳየ አምስቱን እርከኖች እንደ አምስት ደረጃ አስረዳ፤ የታችኛውን እርከን እድገት የሚያሳየው ዘንግ ከሁሉ ረዝሟል። «እድገታችን ከታች ነው የጀመረው» አለ። ከእንግዶቹ አንዱ መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ «ይህ በእርግጥ ታይቷል?» ብሎ ጠየቀ። ይልማ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ የነበረው ፈገግታው አሁን በመጽሐፉ ጀርባ ካለው ፎቶ ጋር አንድ ነው።

«የመዘነችው እዚህ አለች። ጓድ ጥሩነሽ፣ እውነት ነው?»

አምስቱ ቅጾች በቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ጣቴ ነክቷቸዋል።

«አዎ» አልኩ። «በሚዛን ያየሁት ነው።»

ጭብጨባው መጣ። ዞሬ ሳይ እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ነበር፤ እያስተካከሉ፣ እያስተካከሉ፤ ቀና አላሉም። ለምን አዎ እንዳልኩ ማንም እንዳይፈላሰፍልኝ። ትምህርቱን ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሚቀጥለው ወር የአምስቱ ቤቶች ስም ከስንዴው ዝርዝር ወጣ። የትምህርቱን ዕድል ደግሞ የይልማ ሚስት እኅት አገኘችው፤ ሚዛን በእጇ ይዛ የማታውቅ ልጅ። ይልማ ጠርቶ ሲነግረኝ፣ «የሚቀጥለው ያንቺ ነው» አለ። አመሰገንኩት። እውነቴን ነው፤ አጎንብሼ አመሰገንኩት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ያወቅሁት ግን የወጋ ሰው በጣም ቶሎ እንደሚረሳ ነው። ይልማ በሁለት ወር ረሳው። እኔ ዓመት ሙሉ ሪፖርቱን አሳምሬ ጻፍኩለት፣ ሻዩን አስመጣሁለት፣ ሚስቱ ስትወልድ ገንፎ ከሚያገነፉት ሴቶች አንዷ ሆንኩ። ታማኝ ረዳቴ ያለኝ ያን ዓመት አስቦ ከሆነ አልተሳሳተም። የቀበሮ ትዕግሥት ነበረኝ። በዚያ ዓመት የተማርኩትን የትም ትምህርት ቤት አያስተምርም።

ከዚያ ይልማ ለዕድገት ታጨ። ሥራውን የምትመረምር አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ መጣች፤ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ንግግር የማታበዛ። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ፣ ጠረጴዛዋ ላይ የድሮዎቹን አምስት ቅጾች አኖርኩ፤ ከላያቸው አሻራ ያረፈባቸውን አምስቱን። ከሁሉ በላይ የወይዘሮ አስካለን ቅጽ አደረግሁ። በዚያ ቅጽ ላይ ባዶ የነበረውን «በእንግዳ የተበላ» የሚለውን ዓምድ ሞልቼዋለሁ፤ ቀኖቹን፣ «ምሳ፣ ጥብስ»፣ እና የእንግዳውን ስም።

አነበበች። እንደገና አነበበች።

«ይህን ዓምድ ለምን ያኔ አልሞላሽውም?»

«ያኔ እንግዳው አለቃዬ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ነው። እርስዎ ግን መጡ።»

ለአፍታ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ወረቀቶቹን በክላሴሯ ውስጥ አስገባቻቸው።

ይልማን የጣለው የድሆቹ ቅጽ አልነበረም፤ ይህን በኋላ ሰማሁ። የጣለው ጥብሱ ነው። የላይኛውን እርከን የሚያጠና ሰው በላይኛው እርከን ማዕድ ሲበላ ተገኘ፤ በዚያ ዘመን ይህ ከሐሰት ሪፖርት ይብሳል። ዕድገቱ ቀረ። አቦምሳ፣ የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ተመደበ። የሄደበትን ቀን አልሳትኩትም። አውቶቡስ ተራ ሄጄ ቆምኩ። ነፋሱ አቧራውን ያሽከረክራል፤ ፍራሹን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አሰሩለት። በመስኮቱ አየኝ። እጅ ነሳሁት። ፊቱ ላይ የመጣውን ማወቅ አየሁ፤ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፣ ወጥ እንጀራን እንደሚያርስ። ያን ፊት በክፉ ቀኖቼ ሁሉ እያወጣሁ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልደበዘዘብኝም።

ይህን ደስታ ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም። በዚያው ሳምንት በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ ዓለም ጤና ወረድኩ። እትዬ ዘይነባ ስንዴው ከቀረ በኋላ ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያ ሄደዋል፤ ከሽንኩርት እርሻው ዳር የላስቲክ ጎጆ ሠርተው። መሬቱ ገና ውሃ ጠጥቶ ይሸታል። አጎንብሰው ሲነቅሉ አገኘኋቸው፤ ከሚያሳድጓቸው ልጆች ሁለቱ አጠገባቸው ይነቅላሉ፣ ትምህርት ቤት መሆን በሚገባቸው ሰዓት።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቅጹን፣ መርማሪዋን፣ ፍራሹን፣ ፊቱን። ቀና ብለው ወገባቸውን ይዘው ሰሙኝ።

«ስንዴውስ?» አሉ።

«ስንዴው… ዝርዝሩ አልተመለሰም።»

«የእኔም፣ የጫልቱም?»

«የማንም።»

ከያዙት ሽንኩርት ላይ አፈሩን አራገፉ። ከዚያ በእርጋታ፣ ያለ ቁጣ፣ «ብቻሽን ጠገብሽ በይኛ» አሉኝ።

ወደ ሥራቸው አጎነበሱ። ቆሜ ጠበቅሁ። ያኔ አንድ እንቁላል ተውሰው ለሁለት የከፈሉልኝ ሴት «ግቢ» አላሉኝም፤ ውሃ እንኳ አላሉኝም። ጎጇቸው እዚያ ነበረ፣ አሥር እርምጃ ላይ። ወደ መንገዱ ተመለስኩና መኪና እስኪመጣ ከግራር ሥር ቆምኩ። በጣም ጠምቶኝ ነበር።

እሳቸውን ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም፤ ማረፋቸውን ከሰው ነው የሰማሁት። ያቺን አንዲት ቃላቸውን ግን ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄአታለሁ። በቀልም እንደ እድገት ነው፤ ማን ቤት ገባ ተብሎ ካልተጠየቀ የሁሉም ይመስላል። የእኔ ሙሉውን እኔ ቤት ገብቷል። ይህን ስል ተጸጸትኩ ማለቴ አይደለም። ይልማ ባይወድቅ ስንዴው አይመለስም ነበር፤ ቢወድቅም አልተመለሰም፤ እንግዲያው መውደቁ ይሻላል። እኔ የማፍረው በአንድ ነገር ነው፤ በአዳራሹ ባልኩት «አዎ»። እሱን ከይልማ ጋር እኩል እንካፈለዋለን።

ትናንት ማታ ለልጁ ስልክ ደወልኩለት። «እመጣለሁ፤ ትንሽም እናገራለሁ» አልኩት። በጣም ደስ አለው፤ «አባዬን አሁኑኑ እነግረዋለሁ» አለ። ልጁ ያሳዝነኛል። ያኔ ለመርማሪዋ ከመስጠቴ በፊት የአምስቱን ቅጾች ግልባጭ በእጄ ጽፌ አስቀርቼ ነበር፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል። የአምስቱን ሴቶች ስምና በዚያ ማለዳ ከየቤታቸው ያገኘሁትን አንድ በአንድ አነባለሁ፤ መጽሐፉ ስማቸውን አልጻፈምና። ከዚያ እኔ ያልኩትን እናገራለሁ። ከዚያ ደግሞ ስለ ጥብሱ።

ሰውዬው ሰማንያ አልፎታል፤ ልቡም ደካማ ነው ይላሉ። ተይው፣ ለእግዚአብሔር ስጪው የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። እግዚአብሔር ፈቃዱ ከሆነ ከፊት ወንበር አለለት።

ምረቃው ቅዳሜ ነው። ቀሚስ አሰፍቻለሁ።